ቀለሙ ከጠፋ በኋላ ምን ይቀራል? የሄንሪ ፌንተን ሕይወትና የእኔ ፕሮጀክት

ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ሁላችንም ስሙን ስለምናውቀው፣ ሰውየውን ግን ስለማናውቀው ስለ አንድ ኬሚስት ላጫውታችሁ ነው። ስሙን በላብ ማኑዋል ላይ አይተነዋል፤ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈነዋል፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ በሲኒየር ፕሮጀክታችን ርዕስ ውስጥ በትልቁ አስቀምጠነዋል። ሙሉ ስሙ ሄንሪ ጆን ሆርስትማን ፌንተን ይባላል። አዎ፣ የፌንተን ሪአክሽን ባለቤት ማለቴ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ያፈርኩበት ቀን ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ፕሮፖዛል የማቀርብበት ቀን ነበር። ርዕሴ ቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ በፎቶ-ፌንተን ዘዴ ከውሃ ውስጥ ማስወገድ የሚል ነው። ስላይዶቼን ጨርሼ፣ አመስግኜ ልቀመጥ ስል፣ ከኋላ ወንበር ላይ የነበሩ አንድ መምህር ፌንተን ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ዝም። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ጊዜ ፌንተን የሰው ስም ይሁን የኬሚካል ፋብሪካ ስም እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ላብ ላብ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ላይብረሪ ገብቼ ስለ ሰውየው መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ የገባሁት ለዲፌንስ ቀን መልስ እንዲኖረኝ ብቻ ነበር። በኋላ ግን የፌንተን ሕይወት የፕሮጀክቴን መደምደሚያ እስከማስቀየር ደረሰ። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች ታነቡታላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን ግን ከወዲሁ ላስታውስ።

ወደ ሰውየው ከመግባቴ በፊት አንቲባዮቲክን ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ እግሬን ድንጋይ ሲቆርጠኝ አያቴ የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍታ ቢጫውን ዱቄት ቁስሉ ላይ ትነሰንስልኝ ነበር። የተረፈው እንክብል ጊዜው ሲያልፍበት ሽንት ቤት ይጣላል። በዚህ አያቴን አልወቅስም። ሁላችንም ብንሆን የተጣለ ነገር የጠፋ ይመስለናል።

የዋጥነው መድኃኒትም ቢሆን በሙሉ ሰውነታችን ውስጥ አይቀርም። ለምሳሌ አሞክሲሲሊን አብዛኛው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ከቤት፣ ከሆስፒታል፣ ከከብት ርባታና ከመድኃኒት ፋብሪካ የሚወጣው ሁሉ መጨረሻው ፍሳሽ ውስጥ ነው። የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ባክቴሪያን ለመግደል የተሠራን መድኃኒት ባክቴሪያ እንዲበላልን ነው የምንልከው። ከሚገድላቸው መጠን ያነሰ አንቲባዮቲክ ሲያገኛቸው የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፣ ይራባሉ፤ የመቋቋሚያ ጂናቸውንም ለጎረቤት ያካፍላሉ።

ነገሩ ተረት አይደለም። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ህንድ ውስጥ፣ በሃይደራባድ ከተማ አጠገብ ወደምትገኘው ፓታንቸሩ ሄዶ ነበር። እዚያ ያለው ማጣሪያ ጣቢያ በዚያን ጊዜ ወደ 90 የሚጠጉ የመድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ ይቀበል ነበር። ጣቢያው አጣርቶ በሚለቀው ውሃ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን እስከ 31 ሚሊግራም በሊትር ተገኘ። ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው መጠን ይበልጣል። ልብ በሉ፣ ተጣርቷል ከተባለ በኋላ ነው! በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ መሞታቸውን ገምቷል። እንግዲህ ይህን መድኃኒት ከውሃ ውስጥ ለማውጣት ተመራማሪዎች ከሚተማመኑባቸው ዘዴዎች አንዱ በፌንተን ስም የሚጠራው ነው። አሁን ወደ ባለታሪካችን።

ፌንተን የተወለደው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1854፣ ዛሬ የለንደን ክፍል በሆነችው በኢሊንግ ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱን ኦክስፎርድ ባለው የሞድሊን ኮሌጅ ትምህርት ቤት ተከታተለ፤ ቀጥሎ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያም ካምብሪጅ ወደሚገኘው ክራይስትስ ኮሌጅ ተሻገረ። ክራይስትስ ማለት ከእሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ቻርልስ ዳርዊን የተማረበት ኮሌጅ ነው። ፌንተን የተማሪነት ዘመኑን ያሳለፈው ካምብሪጅ ለሳይንስ በሩን በሰፊው በከፈተበት ወቅት ነው። ዝነኛው የካቬንዲሽ የፊዚክስ ላብራቶሪ ሥራ የጀመረው በ1874 ነበር። የኬሚስትሪውን ወንበር የያዘው ጆርጅ ዳውኒንግ ሊቪንግ ነበር፤ እሱም ወንበሩ ላይ ከ1861 እስከ 1908 ቆይቷል።

ፌንተን ዛሬ የሚታወቅበትን ነገር ያገኘው መምህር ሆኖ ወይም ዶክተር ተብሎ አይደለም። እንደ እኛ ተማሪ ሳለ ነው! በ1876፣ የ22 ዓመት ወጣት ሆኖ፣ ታርታሪክ አሲድ ላይ ጥቂት የፌረስ ጨው፣ ቀጥሎ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ በመጨረሻም አልካሊ ሲጨመርበት ሶሉሽኑ ደማቅ ሐምራዊ ቀለም እንደሚያወጣ ተመለከተ። ታርታሪክ አሲድ ከወይን ፍሬ የሚገኝ፣ በወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ደለል ሆኖ የሚቀር አሲድ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1848 የግራና የቀኝ ክሪስታሎችን በእጁ የለየው ከዚሁ አሲድ ጨው ነበር። ፌንተን ያየውን ቀለም አጭር ማስታወሻ አድርጎ ኬሚካል ኒውስ ለተባለው፣ ዊልያም ክሩክስ ያዘጋጀው ለነበረው መጽሔት ላከ። ቁም ነገሩ ታርታሪክ አሲድን ለመለየት የሚያገለግል አዲስ ምርመራ ተገኘ የሚል ነበር። በቃ፣ ቀለም ታየ፣ ተጻፈ።

ብዙዎቻችን ብንሆን እዚህ ላይ እናቆም ነበር አይደል? ስም በመጽሔት ወጥቷል፣ ውጤት ተገኝቷል፣ ምረቃም ቀርቧል። ፌንተን ግን በ1878 በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ዴሞንስትሬተር ሆነ። ዴሞንስትሬተር ማለት ላብ ውስጥ ተማሪዎች አጠገብ ቆሞ የሚያሳይ፣ የሚያርም፣ ቢሰበርም የሚደነግጥ ሰው ነው። የእኛዎቹን የላብ ረዳቶች አስቡ። በኳሊታቲቭ አናሊሲስ ላይ ለተማሪዎች የሚሆን የማስተማሪያ መጽሐፍም አዘጋጀ። እነዚያን የሚያታክቱ የቀለምና የዝቃጭ ምርመራዎች በየዓመቱ ለአዳዲስ ተማሪዎች ማስተማር ሥራው ሆነ።

ከ1876ቱ ማስታወሻ እስከ ዋናው ጽሑፉ 18 ዓመት አለፈ። በ1894 በእንግሊዝ የኬሚካል ማኅበር ጆርናል ላይ ታርታሪክ አሲድ ብረት ባለበት ስለሚያደርገው ኦክሲዴሽን የጻፈው ሪፖርት ወጣ። እዚህኛው ላይ ፌንተን የጠየቀው ጥያቄ ተቀይሯል። ጥያቄው ቀለሙ መታየት አለመታየቱ አልነበረም፤ ቀለሙን የሚሰጠው ነገር ምንድን ነው የሚል ሆነ። ነገሩን ከሶሉሽኑ ነጥሎ በክሪስታል መልክ አወጣው፣ ቀመሩን ወሰነ። ታርታሪክ አሲድ 4 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅንና 6 ኦክሲጅን አለው። አዲሱ አሲድ ደግሞ 4 ካርቦን፣ 4 ሃይድሮጅንና 6 ኦክሲጅን። ልዩነቱ ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ነው! ፌንተን ዳይሃይድሮክሲማሌይክ አሲድ አለው፤ ዛሬ ዳይሃይድሮክሲፉማሪክ አሲድ ብለን የምንጠራው ነው።

በዚሁ ጽሑፍ ሁለት ትልልቅ ነገሮች አሳየ። አንደኛ፣ ሥራውን የሚያስጀምረው ፌረስ፣ ማለትም ሁለት ቻርጅ ያለው ብረት ነው። ሁለተኛ፣ ብረቱ በጣም ጥቂት ቢሆንም ብዙ አሲድ ለማስለወጥ ይበቃል፤ ስለዚህ ብረቱ እንደ ካታሊስት ይሠራል ማለት ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብቻውን ታርታሪክ አሲድን ይህን ያህል አይነካውም። ብረት ብቻውንም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሌላ ጉልበት ይወለዳል። ያ ጉልበት ምን እንደሆነ በፌንተን ዘመን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሰፋ። በ1899 ከጃክሰን ጋር ሆኖ እንደ ግሊሰሮል ያሉ ብዙ ሃይድሮክሲል ያላቸው አልኮሎች በዚሁ መንገድ እንደሚለወጡ አሳየ። በዚያው ዓመት የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። ሚልድረድ ጎስትሊንግ ከተባለች ኬሚስት ጋር ደግሞ ከሴሉሎስና ከስኳር ብሮሞሜቲልፈርፈራል የተባለ ውህድ አወጡ። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 እንደሆነ ስታስቡ፣ የእሷ ስም በዚያ ዘመን ጽሑፍ ላይ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ፌንተን በ1904 የዩኒቨርሲቲው ሌክቸረር ሆነ፤ እስከ 1924 አስተማረ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1929 ለንደን ውስጥ በ74 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ሕይወቱ ይኸው ነው። ጦርነት የለበትም፣ ስደት የለበትም፣ የኖቤል ሽልማትም የለበትም። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህን ሳነብ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ለዲፌንስ የሚሆን ማራኪ ታሪክ ፈልጌ ነበርና። ደግሞ አንድ ያስገረመኝ ነገር አለ። ፌንተን በዚህ ሪአክሽን ውሃ አላጣራም። እሱ የፈለገው አዲስ ነገር ለመሥራት እንጂ ቆሻሻ ለማጥፋት አልነበረም። አንቲባዮቲክ የሚባል መድኃኒትም በገበያ ላይ አልነበረም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928፣ ማለትም ፌንተን ሊያርፍ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው።

ታዲያ ስሙ ከእኛ ፕሮጀክት ጋር እንዴት ተገናኘ? ለዚህ ታሪኩ ሌላ ሰው ይጨምራል። በ1933 ፍሪትዝ ሃበር፣ ያ አሞኒያን ከአየር የሠራው የጀርመን አይሁዳዊ ኬሚስት፣ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ አገሩን ለቅቆ ካምብሪጅ ገባ። ጆሴፍ ዋይስ የተባለው ረዳቱም አብሮት መጣ። ሁለቱ ስለ ብረት ጨውና ስለ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የጻፉት ሥራ በ1934 ታተመ። ሃበር ግን በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ባዝል ከተማ አርፎ ነበር። ዛሬ የፌንተን ሪአክሽን ብለን የምንጽፈውን እኩልታ ያገኘነው ከእነሱ ነው፦ ፌረሱ አንድ ኤሌክትሮን ለፐርኦክሳይዱ ይሰጣል፤ ፐርኦክሳይዱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ሃይድሮክሳይድ አዮን፣ ግማሹ ደግሞ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይሆናል። ያ በ1894 ያልታወቀው ጉልበት ይህ ራዲካል መሆኑ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች በ1932 ፌሪል የተባለ አራት ቻርጅ ያለው ብረት ነው የሚሠራው ብለው ነበር፤ ሁኔታው ሲለያይ የትኛው እንደሚያመዝን ክርክሩ አሁንም አለ።

ሃይድሮክሲል ራዲካል የዋዛ ነገር አይደለም። የኦክሲዴሽን ፖቴንሻሉ በአሲድ ውስጥ ወደ 2.8 ቮልት ይደርሳል። ኦርጋኒክ ሞለኪውል አይመርጥም፤ ያገኘውን ይመታል። የአንቲባዮቲኩን ቀለበት ይሰብራል፣ ሃይድሮጅን ይነጥቃል፣ ደጋግሞ ሲመታው ውሎ አድሮ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሊያደርሰው ይችላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ፌረሱ ኤሌክትሮኑን ከሰጠ በኋላ ፌሪክ ይሆናል፤ ፌሪክ ደግሞ በፐርኦክሳይድ ተመልሶ ፌረስ እስኪሆን ሥራው በሺህ ጊዜ የሚቆጠር ዝግ ይላል። ካታሊስቱ ቁጭ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ብርሃን የሚመጣው። ፌሪክ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ ሃይድሮክሳይድ ይዞ ሲገኝ አልትራቫዮሌትና ለዚያ የቀረበ የፀሐይ ብርሃን ይውጣል። ብርሃኑን ሲውጥ ኤሌክትሮን ከሃይድሮክሳይዱ ወደ ብረቱ ይዘላል። ፌሪኩ ፌረስ ይሆናል፤ ሃይድሮክሳይዱ ደግሞ ተጨማሪ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይሆናል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ! ይህ ኮምፕሌክስ በጣም የሚመቸው ፒኤች 2.8 አካባቢ ነው፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል ብረቱ እንደ ዝገት ይዘቅጣል። ዘዴው ፎቶ-ፌንተን ይባላል፤ ለውሃ ብክለት ሰፊ ምርምር የተደረገበትም በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ስፔን ውስጥ ታቤርናስ በረሃ ላይ በሚገኘው የአልሜሪያ የፀሐይ ምርምር ማዕከል፣ የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ወደ ብርጭቆ ቱቦ እየሰበሰቡ አንቲባዮቲክ ያለበትን ውሃ በዚሁ መንገድ ፈትነዋል።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። የእኛ ላብ አልትራቫዮሌት ሪአክተር የለውም። የሕንጻችን ጣሪያ ግን አለ፤ ፀሐይም አለች። ቴትራሳይክሊን በውሃ አሟሟሁ፣ ፒኤቹን በሰልፈሪክ አሲድ አወረድኩ፣ የፌረስ ሰልፌትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምሬ ቀትር ላይ ቢከሬን ይዤ ወጣሁ። አንዱን ቢከር ለማነጻጸሪያ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቀለልኩት። ብረቱ ሲገባ ፈዛዛው ቢጫ ወደ ቀይ ቡኒ ዞረ፤ ቴትራሳይክሊን ብረትን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያለው ቢከር ቀስ በቀስ እየነጣ ሄደ። ፎይል ውስጥ ያለው ግን ወደኋላ ቀረ። ስፔክትሮፎቶሜትሩ ላይ ሳነብ አብዞርባንሱ ቁልቁል ወርዷል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማታውኑ ሪፖርቴ ላይ ቴትራሳይክሊኑ ተወገደ ብዬ ጻፍኩ።

አድቫይዘሬ ረቂቁን አንብበው ተወገደ በሚለው ቃል ላይ በቀይ አከበቡበትና ወዴት እንደሄደ ጠየቁኝ። አየር ላይ ተኖ እንደሆነ፣ ከብረቱ ጋር ዘቅጦ እንደሆነ፣ ወይስ ሌላ ነገር ሆኖ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ ማወቅ አለብህ ማለታቸው ነው። አብዞርባንስ የሚነግረኝ ብርሃኑን የሚውጠው የሞለኪውሉ ክፍል መለወጡን ብቻ ነው። የቀረው ቁራጭ ባክቴሪያ የሚገድል ይሁን አይሁን ስፔክትሮፎቶሜትር አያውቅም። ምረቃ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውኛል፤ ጓደኞቼ ሪፖርታቸውን እያስጠረዙ ነው። እውነት ለመናገር በልቤ አጉረመረምኩ።

በዚያው ሰሞን ነው የፌንተንን ሁለት ዓመታት፣ 1876ን እና 1894ን፣ ጎን ለጎን አድርጌ ያየኋቸው። እኔ ያለሁት የ1876ቱ ላይ መሆኑ ገባኝ። ቀለም አይቻለሁ፣ ጽፌያለሁ። ልዩነቱ እሱ የመጣ ቀለም አየ፣ እኔ የሄደ ቀለም አየሁ። እሱ ግን በ1876 ካየው ያለፈ አልተናገረም፤ ለመመርመሪያ የሚሆን ቀለም አገኘሁ አለ፣ አበቃ። እኔ ግን የሄደ ቀለም አይቼ መድኃኒት ጠፋ አልኩ። አያቴ የጣለችው እንክብል የጠፋ ይመስላት እንደነበረው ማለት ነው።

ስለዚህ ሪፖርቱን ይዤ መሮጤን ተውኩና ውሃውን ይዤ ባዮሎጂ ዲፓርትመንት ሄድኩ። በየሰዓቱ የወሰድኳቸውን ናሙናዎች በትንንሽ የወረቀት ክብ ላይ አንጠባጥበን ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ አኖርን። በማግስቱ ሳየው ሁሉም ናሙና ዙሪያውን ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ አለው! የመጨረሻው፣ ውሃ የመሰለው ናሙና እንኳ። ልቤ ወደቀ። ደግነቱ ቴትራሳይክሊን የሌለበት፣ ፐርኦክሳይድና ብረት ብቻ ያለበት ባዶ ናሙናም አብሬ አስቀምጬ ነበር። እሱም ክብ ሠርቷል። ባክቴሪያውን የገደለው የተረፈው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁት የሲኦዲ ልኬት ለምን ከጠበቅሁት በላይ እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ፤ የተረፈ ፐርኦክሳይድ ዳይክሮሜቱን ስለሚበላ ውሃው ገና ቆሻሻ ያለበት ያስመስለዋል።

እንደገና ጀመርኩ። ናሙናውን ከወሰድኩ በኋላ አሲዱን አለዝቤ፣ የዘቀጠውን ብረት አጥልዬ፣ የተረፈውን ፐርኦክሳይድ ካታሌዝ በተባለው ኢንዛይም አጠፋሁ። በዚህኛው ዙር ባዶው ናሙና ክብ አልሠራም። ፀሐይ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየው ናሙናም አልሠራም። በመካከል የወሰድኩት፣ ቀለሙ ግን ለዓይን የጠፋው ናሙና አንዲት ትንሽ ክብ ነበረችው። ያቺ ክብ የሠራት ያልተነካ ቴትራሳይክሊን ይሁን ወይም ቁራጩ፣ ባለን መሣሪያ መለየት አልቻልኩም። ለዚያ ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትር ያስፈልጋል። ሪፖርቴ ላይም ይህንኑ ጻፍኩ። ተወገደ የሚለውን ቃል አውጥቼ ተለወጠ አልኩ፤ ፀረ-ባክቴሪያ ኃይሉም በስንት ሰዓት እንዳልታየ ለብቻው አስቀመጥኩ። ሪፖርቱ ዘገየ፤ ጓደኞቼ ሲያስጠርዙ እኔ ሳህን ሳጥብ ነበርኩ። ግን የጻፍኩትን አንዱንም ዓረፍተ ነገር አላፍርበትም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ፍሳሽን በተመለከተ ሕግ እየወጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባሻሻለው የከተማ ፍሳሽ ሕግ ትልልቅ ማጣሪያ ጣቢያዎች የመድኃኒት ቅሪትን የሚቀንስ ተጨማሪ ደረጃ እንዲገነቡ ያዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት አንቲባዮቲክ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚመለከት መመሪያ አወጣ። ነገ ከእኛ መካከል አንዱ የፋብሪካ ላብ ውስጥ ተቀምጦ ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ ይፈርማል። ያን ቀን የሚያየው መነሻው መድኃኒት መቀነሱን ብቻ ከሆነ፣ ወንዙን የሚጠጣው ከብትና ገበሬ የሚያገኘው የቀረውን ነው።

ፎቶ-ፌንተንም ቢሆን ፈውስ ለሁሉ አይደለም። አሲድ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ የብረት ዝቃጭ ይተዋል፣ ፐርኦክሳይድ ገንዘብ ነው፣ ደመና ሲመጣ ይደክማል። ተመራማሪዎች ብረቱን በገለልተኛ ፒኤች አሟሙተው የሚይዙ እንደ ኦክሳሌት ያሉ ነገሮችን የሚሞክሩት ለዚህ ነው። ወንዝ ሙሉ ውሃ በዚህ ይጸዳል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። የሚያዋጣው ከምንጩ፣ ከፋብሪካውና ከሆስፒታሉ በር ላይ፣ መጠኑ ጥቂት ጥንካሬው ብዙ በሆነበት ቦታ መያዝ ነው።

የዲፌንሴ ቀን ያው ከኋላ ወንበር የነበሩት መምህር ተገኙ። ፌንተን ማን እንደሆነ ደግመው ጠየቁኝ፤ ክፍሉ ገና ከመልሴ በፊት መሳቅ ጀመረ። በዚህኛው ቀን ግን መልስ ነበረኝ። በ22 ዓመቱ ቀለም አይቶ ያየውን ብቻ የጻፈ፣ በ40 ዓመቱ ደግሞ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦ ያሳየ የላብ መምህር ነበር አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ታናናሾቼ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፕሮጀክት የምትሠሩ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ባዶ ናሙና አትርሱ፣ የተረፈውን ፐርኦክሳይድ አጥፉ፣ ቀለሙ ሲጠፋ አትጨፍሩ፤ ምን እንደቀረ ጠይቁ። የፌንተንን ስም ስትጽፉም ሰው እንደነበረ አስታውሱ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።